ቃታ፣ ምላጭ፣ ሞላ ፦ የአሮጌ ሽጉጥ ውስጠ አካል ስያሜዎች ታሪክ

አንድን አሮጌ ባለ ከበሮ ሽጉጥ ፈታትቶ መልሶ የሚገጥም ባለሙያ እያንዳንዱ ብልት የሚገባበትን ቦታና ተራ ማወቅ አለበት። ይህንኑ ሥራ በጽሑፍ የሚገልጽ ተርጓሚ ደግሞ ለእያንዳንዱ ብልት የማያሻማ ስም ያስፈልገዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው የጦር መሣሪያ ስያሜዎች ወደ አማርኛ የገቡበትን መንገድ ነው፤ ከዚያም የሽጉጡን ውስጠ አካል በቃል ስንገጥም የትኞቹ ቃላት እንደሚያገለግሉንና የትኞቹ እንደሚያደናግሩን እናያለን።

በመጀመሪያ የጥቅሉን ስሞች እንመልከት። ነፍጥ ከዐረብኛው ነፍጥ የመጣ ሲሆን የቃሉ ጥንታዊ ፍች ተቀጣጣይ የምድር ዘይት ነው፤ ኋላ ወደ ባሩድ፣ ከባሩድም ወደ መሣሪያው ተሸጋገረ። ባሩድም እንዲሁ የዐረብኛ ውርስ ነው። ጠመንጃ የሚለው ቃል ከቱርክኛው ታባንጃ የመነጨ ነው። በቱርክኛ ግን ይህ ቃል እስከ ዛሬ የሚጠራው አጭሩን መሣሪያ ነው። አማርኛ ስሙን ለረጅሙ ስለ ሰጠው ለአጭሩ ሌላ ስም ማበጀት ነበረበት፤ እርሱንም ከራሱ ግስ፣ ከሸጎጠ፣ አወጣ። ሽጉጥ በመቀነት ወይም በልብስ ሥር የሚሸጎጥ ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው መሣሪያም በታሪካችን የሚታወሰው በዚህ ስም ነው።

የየዓይነቱ ስም ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ይዞት የመጣው ስናይደር ሰናድር ተባለ። ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚሉት ውጅግራ ሆነ፤ ሚትራዬዝ ደግሞ መትረየስ። ተናጋሪው ባዕዱን ስም እንደ ሰማው ተቀብሎ በአማርኛ የድምፅ ሥርዐት ቀረጸው። በወለጋ የሚነገረው ኦሮምኛ በበኩሉ ለመሣሪያው ቀዌ የሚል ስም አለው፤ በ1874 ዓ.ም. የእምባቦ ጦርነት በሆሮ ጉዱሩ ምድር ሲካሄድ ሁለቱም ወገኖች ነፍጥ ታጥቀው ነበር።

የመሣሪያውን ሥራ የሚገልጹት ግሦች ከሞላ ጎደል አገር በቀል ናቸው። በብረት ማቃጠልን የሚያመለክተው ተኮሰ እሳት የሚተፋውን መሣሪያ ሥራ ለመግለጽ ዋለ። ጥይት ማስገባት ማጉረስ ነው፤ ስለዚህ የመሣሪያው አቅም በጎራሽ ይቈጠራል፤ ስድስት ጎራሽ፣ ሰባት ጎራሽ እንላለን። ለመተኮስ ዝግጁ ማድረግ ደግሞ ማቀባበል ነው። ይህ ግስ ከተቀበለ የወጣ በመሆኑ አንዱ ብልት ሌላውን እንዲቀበለው ማድረግን ያመለክታል፤ የውስጡን አሠራር ሳይቀር በትክክል የያዘ ቃል ነው።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1895 የሩሲያ ጦር የተቀበለውን፣ በቤልጂጉ ናጋን የተሠራውን ሰባት ጎራሽ እንውሰድ። የጎኑ መክደኛ ሲነሣ ዋናዎቹ ብልቶች ይታያሉ። በጣት የሚሳበው ምላጭ አለ፤ በምላጩ ላይ ከበሮውን አንድ እርምጃ የሚያዞር ትንሽ ጣት ተያይዟል። ጥይቱን የሚመታው መቺ አለ። ሁለት ክንድ ያለው ጠፍጣፋ ሞላም አለ፤ የላይኛው ክንድ መቺውን ወደ ፊት ይገፋል፣ የታችኛው ምላጩን ወደ ቦታው ይመልሳል። ሲገጠም ምላጩ ከነጣቱ ይቀድማል፣ መቺው ይከተላል፣ ኀይል የሚሰጠው ሞላ ከእነርሱ በኋላ ይገባል፣ በመጨረሻም መክደኛው ይዘጋል። ሞላው ከቀደመ የሚገፋውን ስለሚያጣ ሌሎቹን ማስገባት አዳጋች ይሆናል።

ሞላ የሚለው ቃል ራሱ የጣሊያንኛ ነው። ቪቲና ካቻቢቴም ከዚያው ቋንቋ የመጡ የጋራዥና የጥገና ቤት ቃላት ናቸው። ታሪክ እዚህ ላይ አንድ ትዝብት ያስቀምጣል። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ በቦናያ ያረፉት የፋሺስት ጣሊያን የአየር ኀይል ሰዎች በአርበኞች እጅ ወደቁ፤ ጀነራል ማሊዮኮ ከሟቾቹ አንዱ ነበር። ወራሪው ተባረረ፤ የመካኒኩ ቃላት ግን ቀሩ። ቃል የሚቀረው ሰው ለሥራው ስለሚፈልገው ነው፤ የመጣበትን መንገድ ጠልቶ የሚፈልገውን ቃል የሚጥል ባለሙያ የለም።

ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ሞላን ካላወቀ የሚደርስበትን ስሕተት ነቀምቴ ራሷ ታስረዳናለች። በከተማይቱ ቡርቃ ጃቶ የሚባል ስፍራ አለ፤ ቡርቃ በኦሮምኛ የውሃ ምንጭ ነው። እንግሊዝኛ የውሃውን ምንጭና የብረቱን ሞላ ስፕሪንግ በሚል አንድ ቃል ይጠራል። አማርኛ ግን ለየብቻ ይጠራቸዋል፤ ስለዚህ «የሽጉጡ ምንጭ ተሰበረ» ብሎ የተረጎመ ሰው ቋንቋው የሰጠውን ልዩነት አጥፍቷል።

ከዚህ የከበደው ችግር በቃታና በምላጭ መካከል ያለው ነው። አንዱ ተናጋሪ ቃታ ሳበ ሲል መሣሪያውን አቀባበለ ማለቱ ነው፤ ሌላው ተኮሰ ወይም ለመተኮስ ጣቱን ሰነዘረ ማለቱ ነው። በልብ ወለድ ላይ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። በምስክር ቃል ላይ ግን አንድ ሰው አስፈራርቷል ወይስ ለመግደል ሞክሯል የሚለው ጥያቄ በዚህ አንድ ቃል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። የሽጉጡ ዓይነትም ጉዳዩን ያወሳስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1873 በወጣው የኮልት ሽጉጥ መቺው በአውራ ጣት ካልተቀባበለ ምላጭ መሳብ ከንቱ ነው፤ ሁለቱ ድርጊቶች ተለያይተዋል። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ጦር በተቀበለው ሽጉጥ ግን ምላጩን መሳብ ብቻውን መቺውን አቀባብሎ ይለቀዋል። እንግዲህ ተርጓሚው የብልቶቹን አሠራር ሳይረዳ ትክክለኛውን ግስ ሊመርጥ አይችልም።

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን። በጣት ለሚሳበው ብልት ምላጭ፣ ጥይቱን ለሚመታው መቺ፣ ለሚዞረው ጎራሽ ከበሮ፣ ከበሮውን ለሚያዞረው ጣት፣ ኀይል ለሚሰጠው ሞላ ይባል። ለድርጊቱ አቀባበለ እና ምላጭ ሳበ ይለዩ። ቃታ በሕዝብ አነጋገር የኖረ ቃል ስለ ሆነ ከመዝገበ ቃላት አይወጣም፤ ሁለቱም ፍቾቹ ተለይተው ይመዝገቡ፤ በሕግና በቴክኒክ ጽሑፍ ግን ብቻውን አይግባ።

ይህን ስንል አዲስ ቃል ለመፍጠር መቸኮል እንደማይገባ እናምናለን። ነቀምቴ በ1896 ዓ.ም. ኦነሲሞስ ነሲብን የተቀበለች ከተማ ናት። እርሱና አስቴር ጋኖ ኦሮምኛን በግእዝ ፊደል ሲጽፉ የሕዝቡን አነጋገር መሠረት አድርገው ነበር። በጦር መሣሪያ ረገድ አነጋገሩን የያዙት ቀጥቃጮች፣ በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባሉት፣ እና ጠጋኞች ናቸው። ኅብረተሰቡ ለረጅም ዘመን እጃቸውን እየፈለገ እነርሱን ሲንቅ ኖሯል፤ መዝገበ ቃላቶቻችንም ቃላቸውን በበቂ አልሰበሰቡም። በከተማይቱ ያለው የወለጋ ሙዚየምም ሆነ ሌላ ቤተ መዘክር የአሮጌ መሣሪያ መግለጫ ሲጽፍ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት እነዚህን ሰዎች ነው። ብረቱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ብዙ ዘመን ይቈያል፤ የብልቶቹን ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ግን እንደዚያ አይቈይም።