የኤሌክትሪክ መስፋፋትና የሕፃናት ጥንቃቄ ትምህርት፦ ከወልድያና ከሀብሩ አካባቢ አንጻር

የኤሌክትሪክ ብርሃን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1890 ዓ.ም. ግድም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ቤተ መንግሥቱን ለማብራት በተተከለ ጄኔሬተር አማካይነት መሆኑ ይታወቃል። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ 43 ሜጋዋት ያህል የማመንጨት አቅም ያለው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። ከዋናው መስመር ርቀው ይገኙ የነበሩ ከተሞች ግን ለረጅም ጊዜ በናፍጣ ሞተር ሲገለገሉ ኖረዋል።

በዚያ ዘመን ሽቦውን የሚነካው ባለሙያው ብቻ ስለ ነበር ሕፃኑ የብርሃኑ ተመልካች እንጂ ተጠቃሚ አልነበረም። መስመሩ ወደየመንደሩ ሲዘረጋ ሁኔታው ተለወጠ። ዛሬ 220 ቮልት የሚያልፍበት ሶኬት ከሕፃኑ መኝታ አጠገብ ይገኛል፤ 15 ሺህና 33 ሺህ ቮልት የተሸከሙት ሽቦዎችም ከብት በሚያግድበት ማሳ በላይ ያልፋሉ።

ትምህርቱ ግን ከመስመሩ ጋር እኩል አልተራመደም። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ፊዚክስ ራሱን ችሎ መሰጠት የሚጀምረው ከ7ኛ ክፍል ነበር። ይኸውም ሕፃኑ የኤሌክትሪክን ጠባይ በስፋት የሚማረው ሽቦውን ካወቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ከ7ኛ ክፍል በፊት ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ደግሞ ከነአካቴው ሳይደርስበት ይቀራል።

ጉዳዩ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። በሀብሩና በመርሳ ቆላማ ማሳዎች ማሽላ ሲያሽት ልጆች ወፍ የሚጠብቁት በወንጭፍ ነው። ያው ወንጭፍ በምሰሶ ላይ ያለውን ስኒ ዒላማ ሲያደርግ ስኒው ይሰበራል፤ ሽቦውም ሊወድቅ ይችላል። በከተማ ደግሞ ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ገመድ የተሳበ መስመር ከቆርቆሮ ክዳን ወይም ከልብስ ማስጫ ሽቦ ጋር ሲነካካ አደጋው ሳይታይ ቤት ይገባል።

ወልድያ በጦርነቱ ሳቢያ ያለ ኤሌክትሪክ በቆየችባቸው ወራት ሌላ ትምህርት ተገኝቷል። ኃይል ያጣ ሽቦ ለዓይን ኃይል ካለው አይለይም፤ ኃይሉ ሲመለስም ድምፅ አያሰማም። የተበጠሰ ሽቦ ሲጎትት የሰነበተ ልጅ ያንኑ ሽቦ በማግሥቱ ቢነካ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ለሕፃናት «ኃይል ካለው አትንኩ» ብሎ ማስተማር አይበቃም፤ «ማንኛውም የወደቀ ሽቦ ኃይል አለው ብላችሁ ቁጠሩ» መባል ይኖርበታል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ የታቀደው የባቡር ሐዲድም በ25 ሺህ ቮልት የአየር ላይ ሽቦ እንዲሠራ የተነደፈ በመሆኑ ይኸው መመሪያ ለወደፊቱም ያስፈልጋል።

በመሆኑም ትምህርቱ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ በጥቂት ቋሚ ቃላት ቢሰጥ ይመረጣል። በእርጥብ እጅ ማብሪያ ማጥፊያ አለመንካት፣ በሶኬት ቀዳዳ ሚስማር አለመክተት፣ ምሰሶ ላይ አለመውጣት፣ ከወደቀ ሽቦ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ አዋቂ መጥራት፣ በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው አለመንካት ለዚህ ዕድሜ በቂ ናቸው። የቤቱን ዋና ማጥፊያ መዝጋት ከፍ ላሉት ተማሪዎችና ለወላጆች የሚተው ነው። መምህሩ በክፍል ውስጥ የሚያሳየው በባትሪ ድንጋይና በትንሽ አምፑል ይሁን፤ ይህ ሙከራ ራሱ ግን በቤት መስመር እንዳይደገም ልጆቹን በግልጽ ማስጠንቀቅ አለበት።

መስመር ሲዘረጋ ምሰሶውና ትራንስፎርመሩ አስቀድመው በዕቅድ ይያዛሉ። በዚያው ዕቅድ ውስጥ መስመሩ የሚደርስበት ትምህርት ቤት መምህር የሚዘጋጅበት ጊዜ ቢታሰብ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙም የሕፃናት ሕይወት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ትምህርቱ ከብርሃኑ ቀድሞ እንዲደርስ ማድረግ የመምህሩና የዕቅድ አውጪው የጋራ ኃላፊነት ይሆናል።