የቻይና ሰንጠረዥና ወደ ውድድሩ የሚጠራው የቼዝ ተጫዋች

በ1990 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሺያንግቺ፣ ማለትም የቻይና ሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በሲንጋፖር ተደረገ፤ አሸናፊውም ቻይናዊው ሉ ቺን ነበረ። በዚህ ሻምፒዮና ታሪክ ውስጥ የዘር ሐረጋቸው ከቻይናም ከቬትናምም ላልሆነ ተጫዋቾች የተለየ ክፍል ተመድቧል። ይህ ለእንግዳ የተደረገ አክብሮት ነው፤ ነገር ግን እንግዳው ከባለቤቶቹ ጋር እኩል ለመሰለፍ ገና መሆኑንም በግልጥ ያስረዳል። እንግዲህ የቼዝ ተጫዋች ወደዚህ ውድድር ሲጠራ፣ በአንዱ ሰሌዳ ያገኘው ዕውቀት በሌላው ምን ያህል ያገለግለዋል?

በመጀመሪያ ዘመዶቹን ያገኛል። ሠረገላው እንደ ቼዙ ግንብ ይሄዳል፤ ፈረሱም ሲያዩት ያው ፈረስ ነው። ሆኖም ጠጠሮቹ የሚቆሙት በቤት ውስጥ ሳይሆን፣ ዘጠኝ ቋሚና ዐሥር አግድም መስመሮች በሚገናኙባቸው 90 ነጥቦች ላይ ነው፤ በመካከሉም ሁለቱን ሠራዊት የሚለይ ወንዝ አለ። ፈረሱ ከአጠገቡ ሌላ ጠጠር ቆሞ እግሩን ከያዘው አይዘልም። ከዚህም የተነሣ አንዱ ፈረስ ሌላውን ሲያጠቃ፣ የተጠቃው መልሶ ለማጥቃት የማይችልበት ጊዜ አለ፤ ይህ በቼዝ ፈጽሞ የለም። ከሁሉ ይልቅ እንግዳ የሚሆንበት መድፉ ነው። መድፉ ሲጓዝ እንደ ሠረገላ ነው፤ ለመብላት ግን በመካከል ያለ አንድ ጠጠር፣ የወገንም ይሁን የጠላት፣ መዝለል አለበት። ስለዚህ አዛዡን ለመጋረድ የቆመው ጠጠር ራሱ ለጠላት መድፍ መረማመጃ ይሆናል። ደግሞም ተራው ደርሶ መንቀሳቀሻ ያጣ ወገን በቼዝ እኩል ሲወጣ፣ በሺያንግቺ ይሸነፋል።

ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ ሰፊ አልነበረም። መሬይ በ1913 ባሳተመው የቼዝ ታሪክ ሁለቱን ጨዋታዎች ከአንድ የሕንድ ምንጭ ያወጣቸዋል፤ ሊቃውንት ሁሉ ግን አልተቀበሉትም። የማያከራክረው ነገር፣ አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለንግሥቲቱና ለጳጳሱ ረጅም አካሄድ ሲሰጡ፣ የጥንቱ አጭር አካሄድ በሌላው ዓለም ጸንቶ መቆየቱ ነው። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ፈርዝ አንድ ቤት፣ ፊል ሁለት ቤት በሰያፍ ይሄዳሉ። የሺያንግቺ አማካሪና ዝሆን እርምጃም ይኸው ነው፤ ዝሆኑ ግን መንገዱ ሲዘጋ አይዘልም፣ ወንዙንም አይሻገርም። ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጨዋታውን በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ አይቷል። ከዚያ ቤት አንድ ባላባት ወደ ቻይና ሰሌዳ ቢጠራ ኖሮ፣ ከለንደን ተጫዋች ይልቅ የሚረሳው ነገር ጥቂት በሆነ ነበር።

ከቻይና ወደ ቼዝ የተሻገሩት ምን ሊደርስ እንደሚችል አሳይተዋል። ሺየ ጁን በልጅነቷ በቤጂንግ ልጃገረዶች መካከል የሺያንግቺ አሸናፊ ነበረች፤ ኋላ ቼዝ ተምራ በ1991 ማያ ቺቡርዳኒድዜን አሸንፋ የሴቶችን የዓለም ሻምፒዮናነት ወሰደች። ከቼዝ የሚመጣውን ግን አስቀድሞ የሚያስደነግጠው በክብ ጠጠሮቹ ላይ የተጻፈው ፊደል ነው። የጠጠሩ ዓይነት ሰባት ብቻ ነው። ለአንዳንዱ ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ፊደል ይይዛሉ፤ የአንዱ ዝሆን በሌላው ወገን በ«ሚኒስትር» ፊደል ይጻፋል፣ ድምፁ ግን አንድ ነው። ይህን ሁሉ ለመለየት ከጥቂት ቀን በላይ አያስፈልግም። ለእንግዳ ታስቦ ፊደሉ በሥዕል የተተካበት ጠጠርም አለ። ደግነቱ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በሥዕል ብቻ የለመደ ሰው፣ ባለ ፊደሉ ጠጠር በቀረበበት ውድድር ሠረገላውን ከፈረሱ ለመለየት ሲል ጊዜውን ይጨርሳል።