«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» ያለን ማን ነው?

በዚህ በጅቡቲ ሙቀት ረጅም ጽሑፍ ማንበብ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ይችን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው።

በመካከላችን የሚዘወተር አባባል አለ። «ስኳር የጮማና የድሎት በሽታ ነው፤ እኛ ምን በልተን ይይዘናል?» እንላለን። በዚህ የተነሣ አንድ ከሲታ ወጣት ውኃ ጥሙ ሲበዛ፣ ሌሊት ሽንት ሲያመላልሰው፣ ሱሪው ሲሰፋው «ሙቀቱ ነው፤ ስደቱ ነው፤ ሐሳብ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ታሪኩን ብናውቅ እንዲህ አንልም ነበር።

ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። የዚህ በሽታ ሚስጥርም የተፈታው ከቆሽት ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሐኪሞች ስትራስቡርግ ከተማ ውስጥ የአንድ ውሻ ቆሽት አወጡ፤ ውሻው ስኳር ያዘው። ምንጩ ታወቀ፤ መድኃኒት ግን አልነበረም። በ1910ዎቹ አሜሪካዊው ዶክተር ፍሬድሪክ አለን ሕመምተኞቹን በማስራብ ዕድሜያቸውን ትንሽ ለማራዘም ይሞክር ነበር። ረሃብ ሕክምና ነበር ማለት ነው!

በ1921 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ እነ ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊንን አገኙ። በጥር 1922 የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ብዙም አልረዳውም፤ ኮሊፕ ካጣራው በኋላ ግን ልጁ ዳነ፣ 13 ዓመትም ተጨመረለት።

አሁን ወደ አገራችን ልመልሳችሁ። ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከገጠር የሚመጡ ስኳር ሕመምተኞችን ሲያዩ የውጭ አገሩ መጽሐፍ ከዓይናቸው ጋር አልገጥም አላቸው። ሕመምተኞቹ ወፍራም አልነበሩም። አብዛኞቹ ወንዶች፣ ከሲታና ድኻ ገበሬዎች ሲሆኑ ያለ ኢንሱሊን መኖር አይችሉም ነበር። ከሩቅ በእግር እየመጡ መመላለስ ስላቃታቸው በገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ሠልጥነው እዚያው እንዲከታተሏቸው ተደረገ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር መኖሩን በዝርዝሩ አስገብቶ ነበር፤ በ1999 ግን ማስረጃው አይበቃም ተብሎ ወጣ። የጎንደሮቹ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ ወዳጅ ከነበሩት ብሪታኒያዊው ኤልድሪድ ፓሪ ጋር ሆነው በ2009 «ይህን መዝገብ እንደገና እንክፈተው ወይ?» የሚል ጥያቄ ርእሱ ላይ ያስቀመጠ ጥናት በታወቀ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በ2022 ደግሞ ሕንድ፣ ቬሎር ላይ የተሠራ ጥናት የእነዚህ ሕመምተኞች ዋና ችግር የኢንሱሊን ማነስ መሆኑን አሳየ። በመጨረሻም በ2025 ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጠው። ክርክሩ ገና አልተዘጋም፤ ነገር ግን ስኳር ድኻን አይነካም የሚል ሰው ከእንግዲህ የሚደገፍበት ምርኩዝ የለውም።

ሌላም ለእኛ ለስደተኞች የቀረበ ታሪክ አለ። ኬንያ፣ ዳዳብ መጠለያ ውስጥ ፍሪጅ የሌለው ስደተኛ ኢንሱሊን ለመወጋት ወደ ሆስፒታል መመላለስ ነበረበት። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የዚያን ቤት ሙቀት ለካ፤ ሌሊት 25፣ ቀን 37 ዲግሪ ነበር። በ2021 በወጣው ውጤት ኢንሱሊኑ በዚያ ሙቀት 4 ሳምንት ቆይቶ ኃይሉ አልቀነሰም። ልብ በሉ፤ የእኛ ሐምሌ ከ40 ያልፋል። ስለዚህ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንዲሁ አይቀመጥም። ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ካለ አደራ ስጡት። ከሌለ ውኃ የጠጣ የሸክላ ማሰሮ ጥላ ውስጥ ይረዳል፤ ካምሲን ሲነፍስ በደንብ ያቀዘቅዛል፣ የባሕሩ እርጥበት ሲበዛ ግን ኃይሉ ይደክማል። በረዶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ ከረጋ ተበላሸ።

እንግዲህ አደራዬ ይኸው፦

ጥም፣ ሽንት መብዛትና መክሳት አንድ ላይ ከመጡ ዕድሜንና ውፍረትን ሳታዩ በጣት ደም ተመርመሩ። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና ከባድ ትንፋሽ ከተጨመረ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ጸበሉን ጠጡ፣ ዱዓውንም አድርጉ፤ መርፌውን ግን አታቋርጡ። ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ሐኪሙ «በቀን ስንቴ ትበላለህ?» ሲላችሁ አፍራችሁ «ሦስቴ» አትበሉ። መርፌው የሚለካው በምትበሉት ነው። ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበላ የዋለ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ራሽን ያለቀ ዕለትም እውነቱን ተናገሩ፤ ነውሩ ማጣታችን አይደለም።

ይህን ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች አንብቡላቸው። ፌስቡክ ለሌላቸውም በቃል አድርሱልኝ።

ሰላም ዋሉ።