የወገብ ዲስክ ሕክምና ታሪክ

በወገብ አከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ የውስጡ ክፍል ወጥቶ የነርቭ ሥር ይጫናል፤ ሕመሙም ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫ በኩል እስከ እግር ይወርዳል። ሕመሙ ጥንታዊ ቢሆንም መንስኤው በውል የታወቀው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

በ1764 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያናዊው ሐኪም ዶሜኒኮ ኮቱኞ ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ አንድ ዓይነት ሕመም ከመገጣጠሚያ ሳይሆን ከነርቭ እንደሚነሣ ጻፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም የሚሠራበት ምርመራ መጣ፦ በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፣ ሐኪሙ ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን ቀስ አድርጎ ያነሣል፤ ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ የነርቭ ሥር መነካቱ ይጠረጠራል። ምርመራው በፈረንሳዊው ላሴግ ስም ይጠራል፤ ሆኖም ሰርቢያዊው ላዛ ላዛሬቪች በ1880 ገልጾት ስለነበር የእሱም ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ነው። እስከዚያ ድረስ ቀዶ ሐኪሞች ነርቭ ተጭኖ የሚያገኙትን ቁራጭ «የልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ዕጢ» እያሉ ያወጡት ነበር። በ1932 ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር በሆስፒታሉ የተቀመጡትን የቀድሞ ናሙናዎች መልሰው ሲመረምሩ ብዙዎቹ ዕጢ ሳይሆኑ ከዲስክ የወጡ ቁራጮች ሆነው አገኟቸው። በ1934 ስለ 19 ሕሙማን ያወጡት ጽሑፍ የቀዶ ጥገናን በር በሰፊው ከፈተ። በ1970ዎቹ ማይክሮስኮፕ ሲጨመርበት ቁስሉ አነሰ። ዲስኩን በመርፌ ከፓፓያ በተወሰደ ኢንዛይም ማሟሟት ለጥቂት ዓሥርት ዓመታት ተሠራበትና ቀረ።

ቀዶ ጥገና ያልተደረገለት ሕመምተኛ ለሳምንታት አልጋ ላይ ይውል ነበር። እንቅስቃሴን ለሕክምና ያዋሉት ባለሙያዎችም በአቅጣጫው አልተስማሙም። በ1937 አሜሪካዊው ፖል ዊሊያምስ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብን የመሰሉ፣ ወገብን ወደ ፊት የሚያጥፉ ልምምዶችን አቀረበ። የኒው ዚላንዱ ፊዚዮቴራፒስት ሮቢን ማኬንዚ ደግሞ ተቃራኒውን ያገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1956 እግሩን የሚያመው ሰው በደረቱ እንዲተኛ ታዘዘ፤ የአልጋው ራስጌ ግን ከፍ እንዳለ ቀርቶ ስለነበር ሰውየው ወገቡ ወደ ኋላ ታጥፎ ቆየ። ማኬንዚ ሲመለስ ደነገጠ፤ ሰውየውን ግን የእግሩ ሕመም ለቆት ነበር። ማኬንዚ ከዚህ ተነሥቶ ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ እየተሰበሰበ ከሄደ የአቅጣጫው ትክክለኛነት ምልክት ነው አለ። ይህ ከእነዚህ ሁሉ የላቀ ሐሳብ ነው፤ ልምምዱን ለሁሉም አንድ ከማድረግ ይልቅ የሕመምተኛውን ምላሽ መከተልን አስተምሯልና።

የአልጋው ዘመን ያከተመው በጥናት ነው። በ1986 ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ የወገብ ሕመምተኞችን ሲያወዳድሩ 2 ቀን የተኙት ከ7 ቀን ተኚዎች ባልተናነሰ ዳኑ፤ ከሥራ የቀሩበት ጊዜም አጠረ። ቀዶ ጥገናም ተፈትኗል። በኦስሎ ሄንሪክ ቬበር በ126 ሕሙማን ላይ አድርጎ በ1983 ባወጣው ጥናት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው በመጀመሪያው ዓመት በግልጽ ይሻሉ ነበር፤ በአራተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ጠበበ። በ2007 በኔዘርላንድስ በ283 ሕሙማን ላይ የታተመውም ጥናት ቶሎ ቀዶ ጥገና ማድረግ እፎይታውን እንደሚያፋጥን አሳየ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከሁለቱም ወገን 95 በመቶ ያህሉ መዳናቸውን ተናገሩ። ሰውነት ሾልኮ የወጣውን ቁራጭ ብዙ ጊዜ ራሱ ስለሚያሟሟው ይህ አያስገርምም።

ስለዚህ አሁን የተለመደው መንገድ የሕመም ማስታገሻ፣ መራመድና በፊዚዮቴራፒስት የተመረጠ ልምምድ ለተወሰኑ ሳምንታት መሞከር ነው፤ የእግር ሕመሙ ካልለቀቀ ወይም ድክመት ከበረታ ቀዶ ጥገና ይታሰባል። ሽንት መሽናት ያቃተው ወይም በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው ሰው ግን ለልምምድ ጊዜ የለውም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት።