ለሸርጣን ያልሠራው ሕግ

ሸርጣን በመቆንጠጫው ሲነክስ ጡንቻውን የሚያዘው ማነው? «ኤሌክትሪክ ነዋ!» እንላለን። ልክ ነው። ግን ኤሌክትሪኩ ትእዛዙን የሚልከው በማን እጅ ነው?

በ1952 (እ.ኤ.አ.) ሆጅኪንና ሐክስሊ የስኩዊድን ነርቭ መርምረው፣ ምልክቱን የሚያስነሳው ወደ ውስጥ የሚፈስ ሶዲየም መሆኑን አሳወቁ። በዓመቱ ፖል ፋትና ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ለንደን የገባው በርናርድ ካትዝ የሸርጣንን ጡንቻ ያዙ። በዙሪያው ያለውን ሶዲየም አስወግደው በሌላ ጨው ተኩት። ምልክቱ ይጠፋል ሲባል ጭራሽ ባሰበት!

ሌላ ሰው ቢሆን «መሣሪያው ተበላሽቶ ነው» ብሎ ውጤቱን በጣለው ነበር። እነሱ ግን ያዩትን እንዳዩት አሳተሙት። በ1958 ፋትና ጊንስቦርግ እንቆቅልሹን ፈቱ፤ የሚገባው ካልሲየም ኖሯል።

በ1967 ደግሞ ሪጅዌይና አሽሊ፣ ካልሲየም ሲያገኘው የሚያበራ የጄሊፊሽ ፕሮቲን ወሰዱ። እሱንም የባሕር ዓለት ላይ ተጣብቆ በሚኖረው የሸርጣን ዘመድ፣ በባርናክል፣ ወፍራም የጡንቻ ክር ውስጥ ጨመሩት። ኤሌክትሪኩ ቀደመ፣ ብርሃኑ ተከተለ፣ ከዚያ ጡንቻው ተኮማተረ። መልእክተኛው እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

የካልሲየም በር በእኛም ልብና ደም ሥር ውስጥ አለ፤ ከደም ግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሚሠሩት ይህንኑ በር በመዝጋት ነው።

እኛስ? ቤተ ሙከራ ገብተን ከመጽሐፉ ጋር የማይገጥም ቁጥር ሲመጣብን መጀመሪያ የምናነሳው ላጲስ ነው። ፋትና ካትዝ ላጲስ ቢያነሱ ኖሮ፣ ሸርጣኑ የነገራቸውን ማን ይሰማው ነበር?