የአንድ ፓተንት ዕድሜ፤ ኤድዊን አርምስትሮንግና አር ሲ ኤ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። የፓተንት ሕግ ይህን አባባል የሻረ ይመስላል፤ ብቻውን የሚሠራ ፈልሳፊ እንኳ እጅግ ታላቁን ኩባንያ ከፍርድ ቤት ሊያቆም ይችላልና። ይሁን እንጂ መክሰስ መቻል አንድ ነገር ነው፤ የሚከራከሩበት መብት ከፍርዱ ቀድሞ እንዳያልቅ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህን ከኤፍ ኤም ሬዲዮ ታሪክ ይበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በመጨረሻ ከሚነሣው የአገራችን አዋጅ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ በ1890 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። ገና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ሳለ፣ በ1912፣ ከቫኪዩም ቱቦ የሚወጣውን ምልክት ከፊሉን ወደ መግቢያው በመመለስ ደካማ የሬዲዮ ምልክትን እጅግ የሚያጎላ ሰርኪዩት አገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፓሪስ በመኮንንነት ሲያገለግል ደግሞ፣ በ1918፣ ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን የመቀበያ ዘዴ ፈለሰፈ። ከዚያም ከፈጠራዎቹ አንዱን ለሬዲዮ ኮርፖሬሽን ኦፍ አሜሪካ፣ በአጭሩ ለአር ሲ ኤ ሲሸጥ፣ ከዋጋው ከፊሉን በአክሲዮን ስለተቀበለ ከኩባንያው ታላላቅ ባለአክሲዮኖች አንዱ ለመሆን በቃ። በኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የሆነው ዴቪድ ሳርኖፍ ወዳጁ ነበር፤ በ1923 ያገባት ማሪዮንም የሳርኖፍ ጸሐፊ የነበረች ናት። ስለዚህ ጠቡ የመጣው ከባዕድ አልነበረም።

አርምስትሮንግ የፍርድ ቤትን ደጅ አስቀድሞም ያውቀው ነበር። በ1912ቱ ግኝት ላይ ከሊ ዴ ፎረስት ጋር የገጠመው ክርክር ለብዙ ዓመታት ሲጓተት ቆይቶ፣ በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዴ ፎረስት ፈረደ። አርምስትሮንግም የሬዲዮ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት ስለዚሁ ግኝት በ1917 የሸለመውን የክብር ሜዳሊያ ሊመልስ በዚያው ዓመት ወደ ማኅበሩ ጉባኤ ሄደ። ማኅበሩ ግን ሜዳሊያውን አልቀበልም በማለት የቀድሞ ውሳኔውን በአባላቱ ፊት አጸና። ፍርድ ቤቱ ያለውን ማኅበሩ ሊሽር አይችልም፤ ይሁንና ሙያው የሚያውቀውን ከመመስከር አልተቆጠበም።

በዚህ ጊዜ አርምስትሮንግ ሌላ ታላቅ ሥራ በእጁ ነበር። በኤ ኤም ስርጭት ድምፁ የሚጫነው በሞገዱ ከፍታ ላይ ነው። መብረቅና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚፈጥሩት ሁከትም የሚለዋውጠው ይህንኑ ከፍታ ስለሆነ፣ መቀበያው ሁከቱን ከሙዚቃው ለመለየት ይቸገራል። አርምስትሮንግ ከፍታውን እንዳለ ትቶ ድምፁን በሞገዱ ድግግሞሽ፣ ማለትም በፍሪኩዌንሲው ላይ ጫነ፤ መቀበያው የከፍታውን ለውጥ እየቆረጠ እንዲጥል አደረገ። ሐሳቡ በራሱ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። የአሜሪካ ቴሌፎንና ቴሌግራፍ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጆን ካርሰን በ1922 በሒሳብ መርምሮት ጥቅም የለውም ሲል ደምድሞ ነበር። ካርሰን የመረመረው ግን ጠባብ መደብ ለማግኘት ይረዳ እንደሆነ ነው። አርምስትሮንግ በተቃራኒው መደቡን አሰፋው፤ ሁከቱም እጅግ ቀነሰ። ዲሴምበር 26 ቀን 1933 አምስት ፓተንቶች ተሰጡት።

ፈጠራውን በመጀመሪያ ካሳያቸው ሰዎች አንዱ ሳርኖፍ ነበር። በ1934 መሣሪያውን በኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ በነበረው የአር ሲ ኤ ጣቢያ ተክሎ ሲሞክረው ውጤቱ ሠመረ። ሆኖም ኩባንያው ቦታውን ለቴሌቪዥን ሙከራ ስለፈለገው በ1935 መሣሪያውን እንዲያነሣ አደረገው። የኩባንያውን ምክንያት መረዳት አያዳግትም፤ በኤ ኤም ላይ ብዙ ሀብት አፍስሷል፤ የነገ ተስፋውንም የጣለው በቴሌቪዥን ላይ ነበር። አርምስትሮንግ ተስፋ ሳይቆርጥ በራሱ ገንዘብ በኒው ጀርሲ፣ አልፓይን በተባለ ስፍራ የማሰራጫ ማማ አቆመ። ሌሎች ኩባንያዎችም ከሽያጫቸው መቶኛ እየከፈሉ በፓተንቱ መጠቀም ጀመሩ።

በ1940 አር ሲ ኤ አንድ ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ከፍሎ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በፈጠራው እንዲጠቀም ጠየቀ። አርምስትሮንግ እምቢ አለ፤ ሌሎቹ በየሽያጩ እየከፈሉ ትልቁ በጥቅል ዋጋ ቢያልፍ አድልዎ ነውና። ከጦርነቱ ማብቂያ ጋር ሌላ መከራ መጣ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1945 የኤፍ ኤምን መደብ ከ42–50 ሜጋኸርዝ አንሥቶ ወደ 88–108 ሲያዛውረው፣ ከዚያ በፊት የተሸጡት መቀበያዎች ለአዲሱ መደብ የማይሆኑ ሆኑ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ኤፍ ኤም የምናዳምጠውም በዚሁ መደብ ነው። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ድምፅም በ1941 በወጣው ደንብ መሠረት የሚተላለፈው በኤፍ ኤም ስለነበር፣ አር ሲ ኤ ለአርምስትሮንግ ሳይከፍል ቴሌቪዥኖቹን ይሸጥ ነበር።

ጁላይ 22 ቀን 1948 አርምስትሮንግ አር ሲ ኤንና የስርጭት ክንፉን ኤን ቢ ሲን በዴላዌር የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። አንባቢ እዚህ ላይ ሒሳቡን ልብ ይበል። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ የፓተንት ዕድሜ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 17 ዓመት ነበር። የአርምስትሮንግ ዋና ፓተንቶች የሚያበቁት በዲሴምበር 1950 ስለሆነ፣ ክሱ ሲመሠረት የቀራቸው ከሁለት ዓመት ተኩል ያነሰ ጊዜ ነው። ለኩባንያው ጠበቆች ማሸነፍ የግድ አልነበረም፤ ማቆየት ይበቃቸው ነበር። ለዋናው ችሎት ቅድመ ዝግጅት የሆነው የምስክርነት ምርመራ ለዓመታት ቀጠለ። በዚህ መካከል ፓተንቶቹ አበቁ። ላለፈው ጥሰት ካሳ መጠየቅ ባይቀርም፣ ጠበቃ የሚቆምበት ዋናው ገቢ ደረቀ። በ1953 ሳርኖፍ ራሱ ቀርቦ፣ ለኤፍ ኤም ዕድገት አርምስትሮንግን ጨምሮ ከማንም በላይ የሠሩት አር ሲ ኤና ኤን ቢ ሲ ናቸው ሲል መሰከረ።

ሀብቱና ጤናው የተሟጠጠው አርምስትሮንግ ክሱ ከዋናው ችሎት ሳይደርስ በ1954 መጀመሪያ ላይ፣ በ63 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር አር ሲ ኤ ከባለቤቱ ከማሪዮን ጋር በዕርቅ ጨርሶ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ገንዘብ ከፈለ። ይህም ከ14 ዓመት በፊት ሊከፍል ካቀረበው ገንዘብ ጋር የተቀራረበ ነው። ማሪዮን በሌሎቹ ኩባንያዎች ላይ የተጀመረውን ክርክር ገፋችበት፤ በ1959 ኤመርሰንን ረታች፤ የመጨረሻው ተከራካሪ ሞቶሮላ የተሸነፈው በ1967 ነው። ፓተንቶቹ ካበቁ በኋላ ክርክሩ የፈጀው ዘመን ከፓተንቶቹ ዕድሜ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው።

አርምስትሮንግ ግትር አልነበረም አይባልም። በ1940 የቀረበለትን ገንዘብ ቢቀበል ኖሮ ብዙ ሥቃይ በቀረለት ነበር የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሰው በመብቱ ስለጸና ብቻ የሚጎዳ ከሆነ ጉድለቱን በሰውየው ላይ ብቻ ማሳበብ አይገባም። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 የፓተንትን ዕድሜ ማመልከቻ ከገባበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት አድርጎ፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ መዋሉ ሲረጋገጥ በ5 ዓመት እንዲራዘም ደንግጓል። ስለ ፓተንት ስንወያይ መብቱ ይሰጥ ወይስ ይከልከል በማለት ብቻ መወሰን የለብንም። ክርክሩ በስንት ዓመት ያልቃል፣ በመካከሉስ ፈልሳፊው ምን ይበላል ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

ማኅበራት የዳኝነት ሥልጣን የላቸውም። የባለሙያን ምስክርነት ግን በጊዜው ሊሰጡ ይችላሉ። አርምስትሮንግ ሊመልሰው የወሰደው ሜዳሊያ ከእጁ ያልወጣው በ1934 መሐንዲሶቹ ለመመስከር ስላልዘገዩ ነው።