ፓሜላ ፍራንክሊን፤ በአስፈሪ ፊልም ያደገች ተዋናይት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 «ዘ ኢኖሰንትስ» የተባለው ፊልም ለንደን ላይ ሲታይ፣ ከዋነኞቹ ተዋንያን አንዷ ቲኬት ገዝታ ለመግባት አትችልም ነበር። የእንግሊዝ የፊልም ሳንሱር ፊልሙን «ኤክስ» ብሎ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ሁሉ ከልክሎታል። በ1950 ዮኮሃማ፣ ጃፓን የተወለደችው እንግሊዛዊት ፓሜላ ፍራንክሊን ግን ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበረች።

የሄንሪ ጄምስን ልብ ወለድ መሠረት ያደረገው ይህ የመጀመሪያ ፊልሟ፣ ሁለት ሕፃናትን የሙታን መንፈስ ተጠናውቷቸዋል ብላ ስለምታምን አንዲት ሞግዚት ይተርካል። ዲሬክተሩ ጃክ ክሌይተን ልጆቹ የታሪኩን ጨለማ ገጽ እንዳያውቁ በማሰብ ሙሉውን ድርሰት አልሰጣቸውም። ስለዚህ ፓሜላ ለማስፈራራት ስትጣጣር አናይም፤ የምናየው ኤሊዋን የምትንከባከብ ደስተኛ ልጅ ነው። ጥርጣሬውን ይዞ የሚመጣው ተመልካቹ ራሱ ነው። በእኔ አስተያየት ለሕፃን ተዋናይ ከዚህ የበለጠ የተጠነቀቀ፣ ለጥበቡም ከዚህ የበለጠ የጠቀመ አሠራር ማግኘት ያዳግታል።

በ1965 ከቤቲ ዴቪስ ጋር «ዘ ናኒ» በተባለው የሐመር ኩባንያ ፊልም ተጫወተች። በ1967 ደግሞ ክሌይተን እንደገና ጠርቷት፣ የእናታቸውን ሞት ደብቀው ሬሳዋን በአትክልት ቦታ ከቀበሩት ሰባት ልጆች አንዷን ሆነች። በ1969 «ዘ ፕራይም ኦቭ ሚስ ጂን ብሮዲ» ውስጥ መምህሯን አሳልፋ የምትሰጠውን ተማሪ በመጫወቷ፣ ናሽናል ቦርድ ኦቭ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የዓመቱ ምርጥ ረዳት ተዋናይት ብሎ ሸለማት። ከዚህ በኋላ የታላላቅ ድራማዎች በር ይከፈትላታል ተብሎ መጠበቁ ተገቢ ነበር።

የተከፈተላት ግን ያው የቀድሞው በር ነው። በ1972 «ኔክሮማንሲ»፣ በ1976 አይጦች ገዝፈው ሰው የሚበሉበት «ዘ ፉድ ኦቭ ዘ ጎድስ»፣ በመካከሉም ብዙ የቴሌቪዥን ሥራ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ዕድሜዋ ሠላሳን እምብዛም ሳያልፍ ሙያውን ተወች።

ከእነዚህ መካከል «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ሄል ሃውስ» (1973) ለብቻው መታየት ይገባዋል። እዚያ የመናፍስት አነጋጋሪዋን የፍሎረንስን ሚና ይዛ፣ እንደ እርሷው በልጅነቱ ፊልም ከጀመረው ከለንደኑ ተወላጅ ከሮዲ ማክዳወል ጋር ተሰልፋለች። እርሱ ቤቱ ያለውን ኃይል ስለሚያውቅ ራሱን ዘግቶ ይቀመጣል። ፍሎረንስ ግን መንፈሱ እርዳታ የሚሻ ምስኪን ነው ብላ ታምናለች፤ እስክትሞትም ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ በየዋህነት የምታምን እርሷ ብቻ ናት።